ከልጅቷ በፊት የመጣው ስም

ሴናቴ ቶኬሎን ያገባች ጊዜ ለስሟ በግ ታርዶላታል። በእኛ በሌሶቶ ተራሮች ላይ ሙሽራ የአባቷን ቤት ስም ይዛ ባሏ ቤት አትኖርም። በጉ ይታረዳል፣ ሙሽራዋ ከሥጋው ትቀምሳለች፣ ከዚያ የባል ወገን ሽማግሌ ይነሣና ገና ላልተጸነሰ ልጅ ስም አውጥቶ እሷን የዚያ ልጅ እናት ብሎ ይጠራታል። የቶኬሎ አጎት ንታቴ ሌኬና፣ አባባ ሌኬና እንደማለት ነው፣ የዚያን ዕለት ሞቅ ብሏቸው ስለነበር ብዙም አላሰቡበትም፤ የሟች እናታቸውን ስም አነሡ። "ከዛሬ ጀምሮ ማሊኔዮ ነሽ፣ የሊኔዮ እናት" አሏት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሴናቴም ደስ አላት፤ ሊኔዮ ውጭ በሩ ላይ ቆማ ግቢ እስክትባል የምትጠብቅ ነበር የመሰላት።

ሊኔዮ ግን አልገባችም። አንደኛው ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም እየተጋመሰ ነው። ልጅቷ ትቅር እንጂ ስሟ ቀኑን ሙሉ ይመጣል።

የመንደራችን የሃ-ራሴሎ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ክፉ ሰው ይሰድብሻል፣ መልሰሽ ትሰድቢዋለሽ፣ ይወጣልሻል። የዚህ መንደር ሰው ግን ደግ ነው፣ ደግነቱም ይጮኻል። ስም ደጋግሞ ከተጠራ ባለቤቱ ሰምቶ ይመጣል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ልጅቷ በዘገየች ቁጥር አጠራሩ እየበረታ ሄደ። ፈረሰኛው ከማዶ ሸንተረር ላይ ሆኖ እጁን አፉ ላይ ያደርግና "እሜ ማሊኔዮ፣ እንደምን ዋልሽ" ይላል፣ እሜ እናቴ እንደማለት ነው፤ ሸለቆው ተቀብሎ ይደግምለታል። ባለሱቋ ስኳር እየመዘነችላት በአንድ ወሬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትጠራታለች። ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ የሁሉንም እጅ ሲጨብጡ እሷ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሁሉም ከጠራት በኋላ አንዴ ወደ ሆዷ፣ አንዴ ወደ ዓይኗ ያያል።

ሴናቴ ፈሪ ሴት አይደለችም። ያም ሆኖ ስሙን በሰማች ቁጥር ልቧ መምታት ጀመረ። እንቅልፍ ራቃት። ጠዋት ስትነሣ መንጋጋዋ ያማታል፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነው የምታድረው። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰው ከታያት በበረቱ ግንብ ጀርባ ትዞራለች። አማቷ ማቶኬሎ የሚያፈሉላትን መራራ ሥር በየማለዳው ትጠጣለች። ስልኳ ደግሞ የመፀነሻዋ ቀን ሲደርስ እንደ ዶሮ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ቶኬሎ ፈተና ሊቀመጥ እንደተጠራ ተማሪ ፊቱ ይገረጣል። ሁለቱም ሥራ እንደሚገቡ ሰዎች ዝም ብለው ልብሳቸውን ያወልቃሉ። በፊት በፊት እንዲህ አልነበሩም፤ በፊትማ የሚያስቸግረው መላቀቁ ነበር።

በመጨረሻ ተያይዘው ቆላ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወረዱ፤ ተመረመሩ፤ በቀጠሮው ተመልሰው ሄዱ። ነርሷ ሲስተር ሞሊዬሂ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለቱንም አየቻቸው።

"ሁለታችሁም ደህና ናችሁ" አለቻቸው።

"ደህና ከሆንን ልጁ የታለ?" አለች ሴናቴ።

"እሱን እኔም ባውቅ ደስ ባለኝ። አንዳንዱ ቶሎ ያገኛል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፣ ምክንያቱ ሁልጊዜ አይገኝም። ዋና ከተማው ማሴሩ ላለው ሐኪም ወረቀት እጽፍላችኋለሁ፣ እሱ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ያያል።"

"ሰዉ ስለምትጨነቂ ነው ይለኛል። አታስቢው፣ ያኔ ይመጣል ይላል። እኔ ደግሞ አለማሰብ አልቻልኩም። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው?"

ሲስተር ሞሊዬሂ መነጽሯን አወረደች። "ማነው እንዲህ ያለሽ? ሴት ስለተጨነቀች ብቻ የምትመክን ቢሆን እዚህ ተራራ ላይ አንድ ሰው ባልተወለደ። ረሃብ መሃል ይወለዳል፣ ጦርነት መሃል ይወለዳል። ጥፋት የለብሽም፣ እሱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ጭንቀቱን ማቅለል ያለብሽ ግን ለልጁ ብለሽ አይደለም፣ ለራስሽ ብለሽ ነው። ልጅ ካልወለድሽ እንቅልፍ አይገባሽም ያለሽ አለ እንዴ?"

ሴናቴን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"በይ ንገሪኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ካለው ነገር ሁሉ የበለጠ የሚከብድሽ ምንድን ነው?"

ሴናቴ ስለ መራራው ሥር ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ስለ ስልኩም ልትነግራት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስሜ" አለች።

ወደ ተራራው በሚመልሳቸው ታክሲ ከኋላ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ። መንገዱ ሲጋመስ ቶኬሎ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ "እኔን አብረውኝ በግ የሚሸልቱት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?" አላት።

"ምን ይሉሃል?"

"ራሊኔዮ። የሊኔዮ አባት። መቀሱን ባነሣሁ ቁጥር። ያ ረጅሙ ደግሞ 'ራሊኔዮ፣ እጅህ የሚሠራው በግ ላይ ብቻ ነው እንዴ?' ይለኛል።"

"አንተስ ምን ትለዋለህ?"

"ምን እለዋለሁ፣ እስቃለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ሄጄ እቆማለሁ።"

ሴናቴ ማዘን ሲገባት ሳቋ መጣ። አፏን እንደ ጋቢ በደረበችው ብርድ ልብስ ጫፍ ብትይዘውም አመለጣት። እሱም አያት አያትና ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተሸከሙት ያው አንድ ሸክም ነበር፤ ከሁለቱ አንዱም ለሌላው አልነገረም።

"ስማ" አለችው ሲበርድላት። "ሽለታው እስኪያልቅ ድረስ ያን ስልክ አናይም። ስንፈላለግ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዘን ማሴሩ የምንሄደውም ከዚያ በኋላ ነው።"

"እሺ።"

"ሥሩንም አልጠጣም።"

"እሱን ደፍተሽ ጠጣሁ በያቸው።"

"ስሜንም እፈልጋለሁ። ሊኔዮ እስክትመጣ ሴናቴ በሉኝ።"

ቶኬሎ ባርኔጣውን ማዞሩን አቆመ። "ይህን ለእናቴ ማነው የሚነግራት?"

"አንተ።"

"እኔ?" አለና በመስኮቱ ወደ ገደሉ ተመለከተ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ይመስል ነበር። ሴናቴ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። "ግድ የለም፣ እኔው እነግራቸዋለሁ" አለችው።

ማቶኬሎ ባላቸው የሞተባቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ በጎቻቸውን ራሳቸው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ሴናቴ ከቤቱ ጀርባ ጎመን ሲለቅሙ አገኘቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"እሜ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።"

"ለምኚ፣ ማሊኔዮ።"

"እሱኑ ነው የምለምንዎት። ይህን ስም ሊኔዮ እስክትመጣ ድረስ ያቆዩልኝ። ስትመጣ ደስ ብሎኝ አነሣዋለሁ። እስከዚያ በአባቴ ቤት ስም ይጥሩኝ።"

ማቶኬሎ እጃቸው ጎመኑ ላይ ቀረ። "የት ነው የማቆይልሽ? ሣጥን ውስጥ?"

"ስሙን ጠልቼ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስጠራበት የሌለችውን ልጅ እየጠየቁኝ ነው የሚመስለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።"

"በግ ታርዶበታል። ሙታኖቻችን ሰምተውታል። ስም እንደ ብርድ ልብስ ሲሞቅሽ የምታወልቂው ነው?"

"ሴናቴ መባሌስ ምን ነውር አለው?"

"አንቺማ ምን አለብሽ" አሉ ማቶኬሎ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። "አባትሽ የንጉሥ ልጅ ስም አወጣልሽ። ሁሉም ሴት እንዳንቺ አልታደለችም። እኔ አባቴ ያወጣልኝን ስም ለኔ በግ በታረደ ቀን ቀበርኩት። ማቶኬሎ ሲሉኝ ገና ሰው ሆንኩ። ዓመት ሳይሞላኝም ቶኬሎን ወለድኩ። አንቺ እኔን ሰው ያደረገኝን ነገር ነው ውሰዱልኝ የምትዪኝ።"

"ስምዎ ማን ነበር?"

"ጎመኑን ልቀሚ።"

ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ ማቶኬሎ ቀና ሳይሉ ጭካኔ ያለበት ነገር ተናገሩ። "ደግሞስ ልጅቷ ብትሰማስ? እናቴ ስሜን አልፈልግም አለች ብላ ከመንገድ ብትመለስ ማነው የሚጠየቀው?"

ሴናቴ ቢላ የገባባት ያህል ተሰማት። ራሷም ሌሊት ሌሊት የምትፈራው ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲለው ግን ነገሩ ያን ያህል የሚያስፈራ አልመሰላትም፣ እንዲያውም ትንሽ የሚያስቅ መሰላት።

"እሜ፣ እንዲህ የምትኮራ ልጅ ከሆነች የእርስዎ የልጅ ልጅ መሆኗ አያጠራጥርም" አለቻቸው።

የማቶኬሎ ከንፈር በፈገግታ ሊፈታ ሲል ነከሱት። ቅርጫታቸውን አነሡና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራታቸውን በአንዱም ስም አልጠሯትም፤ "አንቺ" ብቻ ሆነች።

ሴናቴ የሽለታው ሰሞን ሲገባ የማትደፈርበት ቦታ አላት። በመንደሩ የሽለታ መጋዘን ውስጥ ሱፍ የምትለየው እሷ ነች። ወንዶቹ ይሸልታሉ፣ የተሸለተው ሱፍ ጠረጴዛዋ ላይ ይዘረጋል፣ እሷ በጣቶቿ ከፈል አድርጋ ታየዋለች፣ ታሸዋለች፣ ደረጃውን ትናገራለች። የሷ እጅ ያልነካው ሱፍ ቦንዳ ውስጥ አይገባም። አሠራሩም የታወቀ ነው፤ እሷ "የማን ነው?" ትላለች፣ ባለበጉ ራሱ ስሙን ይናገራል፣ ከዚያ ትጀምራለች። ወላድ ትሁን አትሁን እዚያ የሚጠይቃት የለም።

በመጀመሪያው ቀን ከማዶ ሸንተረር የሚጣሩት ፈረሰኛ ንታቴ ፖፎሎ የበጋቸውን ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና "እሜ ማሊኔዮ፣ ዘንድሮስ አንደኛ ደረጃ ነው" አሏት። ከኋላቸው የሰው ሰልፍ እስከ በሩ ድረስ ቆሟል።

ሴናቴ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

"ንታቴ ፖፎሎ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስሜ ሴናቴ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ሴናቴ። የሊኔዮን እናት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሊኔዮ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። ትቆይ ይሆናል። ዝናቡ ግን የሚቆይ አይመስለኝም።"

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ንታቴ ፖፎሎ ዞር ብለው ሰማዩን አዩ፣ ሱፋቸውን አዩ። "እኛ እኮ ልጅቷን እየጠራንልሽ ነው" አሉ፣ ከልባቸው ቅር ብሏቸው።

"አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁም። ይኼኔ ሰምታለች። ጆሮዋ ሥር ቀን ከሌት የሚጮህባት ሰው ቤት ለመግባት እርስዎ ቢሆኑ ይቸኩሉ ነበር?"

"ኧረ እኔስ አልቸኩልም" አለ ከኋላ አንዱ። "ንታቴ፣ ስሟን ይጥሩና እንለፍበት።"

"ሴ..." አሉ ንታቴ ፖፎሎ፤ ትኩስ ድንች የጎረሱ ይመስሉ ነበር። "ሴናቴ።"

"የማን ነው?" አለች ሴናቴ ወዲያው፣ ጣቶቿን ሱፉ ውስጥ እያስገባች።

ከሳቸው በኋላ ያለው ቀላል ሆነ። ያ ረጅሙ ሸላች ሊፈትናት ብሎ ሆን ብሎ "ማሊኔዮ" ሲላት የወንድሙ ሱፍ እስከ ምሳ ድረስ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ፤ ከምሳ በኋላ ወንድሙ ራሱ አንገቱን ይዞ አመጣውና ስሟን አስጠራው። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሸላቾቹ ሲዘፍኑ እንኳ በዘፈኑ መሃል "ሴናቴ" ይሉ ጀመር። ቶኬሎም ራሊኔዮ ሲሉት "አቤት የሚል ሰው ፈልጉ" ብሎ በጉን መሸለቱን ይቀጥላል።

ሴናቴ መንጋጋዋ ተፈታ። ምሳዋን ገንፎውንም ጎመኑንም ጠርጋ በላች። ማታ ራሷን ትራስ ላይ ስታደርግ እንቅልፍ ሳትጠራው ይመጣል። ስልኩ ከአልጋው ሥር ሣጥን ውስጥ ገባ። በዚያ አልጋ ላይ ከዚያ በኋላ ስለሆነው የባልና የሚስት ጉዳይ ስለሆነ አላወራም፤ ጠዋት ጠዋት ቶኬሎ እያፏጨ ፈረሱን ሲጭን መታየቱን ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ነገር ግን ወሬው ከመጋዘኑ ወጣ። ባለሱቋ "ማህፀኗስ ለምን አይቀየም፣ ስሙን አባረረችው" አለች። ንታቴ ሌኬና ሲሰሙ ደማቸው ፈላ፤ ስሙን ያወጡት እሳቸው፣ የተጠራችውም እናታቸው ናት። ዱላቸውን ይዘው መጋዘን ድረስ መጡ።

"የወንድሜ ሚስት በጎቿን አርብ ታመጣለች" አሏት ሰው ሁሉ እየሰማ። "በሰጠሁሽ ስም ትጠራሻለች። አቤት ካልሽ አበቃ። በሰው ፊት አማትሽን ዝም ካልሻት ግን ሻንጣሽን ይዘሽ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ፣ እስክትመከሪ።"

ቶኬሎ በጉን በጉልበቶቹ መሃል እንደያዘ ቀና አለ። "ሻንጣዋን የምሸከመው እኔ ነኝ፣ አጎቴ። አባቷ ቤትም እኔው አብሬ ነው የማድረው።"

"አንተ ዝም ብለህ በግህን ሸልት፣ ራሊኔዮ።"

"ቶኬሎ" አለ ቶኬሎ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን ተናገረው።

ንታቴ ሌኬና መሬቱን በዱላቸው ወግተው ሄዱ። ሴናቴ ሥራዋን ቀጠለች። ዛቻው በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ምራት ለምክር ወደ አባቷ ቤት ስትላክ አንዳንዷ ሳትመለስ ትቀራለች፤ ልጅ የሌላት ደግሞ ማን ፈልጎ ይመልሳታል? ቶኬሎን ታጣለች፣ ጠረጴዛዋን ታጣለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ከሁሉ በላይ የከበዳት የማቶኬሎ ነገር ነው። ትወዳቸዋለች። በሰው ሁሉ ፊት ጠርተዋት ዝም ብትላቸው ምን እንደሚመስሉ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ደግሞ "አቤት" ካለች ንታቴ ፖፎሎ በማግስቱ ከማዶ ሸንተረር ሆነው ይጮኻሉ፣ መንጋጋዋ ተመልሶ ይቆለፋል። ሁለቱንም አስባ አስባ መልስ እንደማትሰጥ ወሰነች፤ ወስናም ያን ሌሊት ተኛች። ይህ ለራሷም ገረማት።

አርብ ማቶኬሎ ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሱትን ብርድ ልብስ ለብሰው በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። በመጋዘኑ ውስጥ ሥራ የሌለው ሁሉ ሥራ አገኘ፤ ሱፋቸውን ከትናንት ወዲያ ያስረከቡ ሰዎች እንኳ ጥለውት የሄዱት ዕቃ ያለ ይመስል ተመልሰው መጡ። ንታቴ ሌኬና ቦንዳ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የእናቱን በጎች የሸለታቸው ቶኬሎ ነው። አንዷን በግ ጆሮዋ አጠገብ ቧጨራት። የመጀመሪያውን ሱፍ አቅፎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሚስቱን አላያትም፣ እናቱንም አላያቸውም።

ማቶኬሎ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሙ። መቀሶቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

ሴናቴ የሥራውን ደንብ ከመከተል ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም።

"የማን ነው?" አለች።

ማቶኬሎ ወደ ንታቴ ሌኬና አዩ። ከዚያ ምራታቸውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ይህች ልጅ ከወር ወዲህ ፊቷ መሙላቱን፣ ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት መጥፋቱን በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰው ሳያዩት አልቀሩም።

"የሞሴላንጫ" አሉ።

ማንም አልገባውም። ቶኬሎ እንኳ ሰው የሚፈልግ ይመስል ወደ በሩ ዞረ። ሞሴላንጫ ማለት የውሻ ጭራ ማለት ነው፤ ልጆች እየሞቱባቸው የተቸገሩ ወላጆች ሞት እንዲጸየፍላቸው የሚያወጡት ስም ነው። ያን ረጅሙን ሸላች ሳቅ አመለጠው። ማቶኬሎ ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን ዋጠው።

"ማቶኬሎ፣ ምን ነካሽ?" አሉ ንታቴ ሌኬና ከቦንዳው ላይ እየተነሡ።

"ምንም አልነካኝም። አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። ከኔ በፊት የተወለዱትን ሁሉ ቀብረዋቸው ነበር፤ እኔን የውሻ ጭራ አሉኝ፣ ሞትም ተጸየፈኝ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። በወጣትነቴ ወንዝ ስወርድ ይጮኹብኝ ነበር። ያን ስም ላለመስማት ስል ያገባሁት ሰው ደግ ሆኖ በመገኘቱ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፣ ልጄ እንኳ አያውቀውም። ሴት በስም እንዴት እንደምትታመም ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም፤ እያወቅኩ ነው ምራቴን የጨከንኩባት።"

"እኔ የእናቴን ስም ነው የሰጠኋት" አሉ ንታቴ ሌኬና፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ።

"ስሙ ጥሩ ነው፣ ማንም አልናቀውም። ልጅቷ ስትመጣ ትወስደዋለች። እኔ ይህን አስቀያሚ ስሜን እናንተ ፊት ከጠራሁ፣ እናንተ የሷን ያማረ ስም መጥራት ምን ያቅታችኋል?" አሉና ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። "ሴናቴ፣ ሱፌን እዪልኝ።"

"እሺ፣ እሜ" አለች ሴናቴ። እንባዋ ሱፉ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በክንዷ ጠረገችው። ጣቶቿን አስገብታ ከፈል አደረገች፣ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ አሸችው፣ ሁሉም እያያት እንደገና አየችው።

"ሁለተኛ ደረጃ" አለች።

"ለአማትሽም?"

"እሾህ አለበት፣ እሜ።"

"የእሾህ ቤት ገብተሽ የለ፣ ምን ታደርጊ" አሉ ማቶኬሎ፤ መጋዘኑ በሳቅ ፈነዳ። ንታቴ ሌኬናም ዱላቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩና ቶኬሎን ትከሻውን መታ አድርገውት ወጡ። አልሳቁም፣ ሻንጣም አላነሡም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማቶኬሎ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጧት። "ያን ስሜን ደግመሽ ከአፍሽ ብሰማ ወዮልሽ። ለኔ ማቶኬሎ ይበቃኛል።"

ሽለታው ባለቀ ሰሞን የሴናቴ የወር ደም መጣ። በፊት ቢሆን ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛ ነበር፤ ቤቱም ሁሉ ያውቅና አላወቀም መስሎ በጫማው ጫፍ ይራመድ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ሦስቱም እራት ከበው ሳለ ራሷ ተናገረችው።

"በዚህ ወርም አልሆነም" አለች። "የሚመጣው ሰኞ ከቶኬሎ ጋር ማሴሩ እንወርዳለን፣ ሐኪሙ ያየናል። ካገኘ አገኘ፣ ካላገኘም እንመለሳለን።"

ቶኬሎ እጇን ያዘ። ማቶኬሎ ጭልፋቸውን አንሥተው ከድስቱ ትልቁን ሥጋ ፈልገው አወጡ፣ ሳህኗ ላይ አደረጉላት።

"ሊኔዮን መጥራት የኔ ሥራ ነው፣ አያቷ እኔ ነኝ" አሉ። "መምጣትም መቅረትም የሷ ነው። አንቺ ከዚህ ቤት የትም አትሄጂም። ብዪ፣ ሴናቴ።"

ሴናቴ አለቀሰች። እያለቀሰች በላች፤ ስትጨርስም ሳህኗን ዘርግታ ጨምሩልኝ አለች።